የቅዱስ እስጢፋኖስን ክስ ከወጣቶች ጋር እንዴት እናንብብ?

በጅማ ከተማ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሐዋርያት ሥራን ሳስተምር፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ያገኘሁት በምዕራፍ 6 እና 7 የተጻፈውን የቀዳሜ ሰማዕት የቅዱስ እስጢፋኖስን ክስ ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። ጥቅምት 17 ሢመቱ፣ ጥር 1 ዕረፍቱ ሲታሰብ እየሰማ ያደገ ወጣት፣ ሲወገር የሚያሳየውን ሥዕልም አይቶታል። ነገር ግን «በምን ተከሰሰ?» ብለው ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ «ክርስቲያን በመሆኑ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ልክ አይደለም፤ «ክርስቲያን» የሚለው ስም የተሰጠው ከዚያ በኋላ በአንጾኪያ መሆኑን ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 11፥26 ይናገራል። እስጢፋኖስ የተከሰሰው በሙሴና በእግዚአብሔር ላይ የስድብ ቃል ተናግሯል ተብሎ ነው።

ይህ ልዩነት በእኛ አካባቢ ተራ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ቡና እየተጠራሩ በሚኖሩባት ጅማ፣ «እገሌ ሃይማኖት ሰደበ» የሚል ቃል ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሮጥ ትልልቆቹ ያውቃሉ። በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በምትገኘው በአሰንዳቦና በአካባቢዋ፣ ቁርኣን ተቀደደ የሚል ወሬ ከተነሣ በኋላ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ስለዚህ ይህን ክፍል የሚያስተምር ሰው ስለ ጥንት ዘመን ብቻ እንደሚናገር አድርጎ ራሱን ባያታልል ይሻላል። ከዚህ በታች የማስቀምጠው እኔ ብዙ ጊዜ ከተሳሳትኩ በኋላ የደረስኩበትን አካሄድ ነው።

አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

ትምህርቱን በሁለት ጉባኤ ይክፈሉት። በአንድ ሰዓት ለመጨረስ የሚሞክር መምህር ወደ ውግራቱ ይቸኩላል፤ ክሱ ሳይነበብ ይቀራል። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ ለየሁለት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ። እርስዎ ግን ከጉባኤው በፊት ዘሌዋውያን 24፥10-16ን፣ ዘዳግም 17፥6-7ን እና 19፥16-21ን፣ ማርቆስ 14፥55-64ን፣ ዮሐንስ 2፥19-21ን፣ ከዚያም የሐዋርያት ሥራን ከ6፥8 እስከ 8፥3 ሳያቋርጡ ማንበብ አለብዎት። በጉባኤው ላይ እነዚህን ጥቅሶች ፍለጋ ገጽ የሚገልጥ መምህር የተማሪዎቹን ልብ ያጣል።

ከቃሉ መጀመር

በግሪክኛው አዲስ ኪዳን የተጻፈው ቃል «ብላስፌሚያ» ነው። ይህ ቃል ስለ እግዚአብሔር ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ የማንኛውንም ሰው ስም ማጥፋትን ይጨምራል። ጳውሎስ በሮሜ 3፥8 ሰዎች ያልተናገረውን ተናግሯል እያሉ ስሙን እንደሚያጠፉ ሲያማርር የተጠቀመበት ይህንኑ ቃል ነው፤ በቲቶ 3፥2ም ምእመናን ማንንም እንዳይሰድቡ ሲያዝ እንዲሁ። ግእዙ «ጽርፈት» የሚል ለብቻው የቆመ ቃል አለው፤ አባቶች ይህን ቃል ሲሰሙ ሰው በሰው ላይ የሚወረውረውን ስድብ ሳይሆን በአምላክ ላይ የተነገረ ክፉ ቃል መሆኑን ወዲያው ይረዳሉ። አማርኛችን ግን «ስድብ» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ወጣቱ እስጢፋኖስ አንድ የብልግና ቃል እንዳመለጠው ወይም እንደተራገመ አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ 6፥11-14ን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይምረጡና «የተሳደበበት ቃል የቱ ነው? ፈልጉት» ይበሏቸው። አያገኙም። ከሳሾቹ ራሳቸው ተራገመ አላሉም፤ ያሉት ስለ መቅደሱና ስለ ሕጉ እንዲህ ብሏል ነው። ተማሪዎቹ ይህን በራሳቸው ዓይን ፈልገው ሲያጡት ነው ጥያቄው የሚወለደው፤ እርስዎ ቀድመው ከነገሯቸው ግን አይወለድም።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

ዘሌዋውያን 24 ላይ አባቱ ግብፃዊ፣ እናቱ እስራኤላዊት የሆነ ሰው በሰፈር ውስጥ ሲጣላ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ መስደቡ ተጽፏል። የሰሙት እጃቸውን በራሱ ላይ እንዲጭኑ፣ ከሰፈር ውጭ እንዲወጣ፣ ማኅበሩም እንዲወግረው ታዘዘ። ዘዳግም በዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጨምራል፤ ሰው በአንድ ምስክር ቃል አይገደልም፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፣ የመጀመሪያውንም ድንጋይ የሚወረውሩት ምስክሮቹ ራሳቸው ናቸው። በሐሰት የመሰከረ ሰው ደግሞ በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ ይመለሳል። ይህን ሲያስተምሩ የሕጉን ከባድነት ብቻ አያሳዩ፤ ምስክርን በድንጋዩ ፊት አቁሞ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ሕግ መሆኑንም ያሳዩ።

በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሰበሰበው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና ደግሞ፣ የእግዚአብሔርን ስም ራሱን ግልጽ አድርጎ ካልጠራ በቀር ሰው በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ እንደማይሆን ይደነግጋል። በምርመራ ጊዜ ምስክሮች ስሙን በሌላ ስም ተክተው ይናገራሉ፤ በመጨረሻ ሌላው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ታላቁ ምስክር የሰማውን ቃል በትክክል እንዲናገር ይደረጋል፤ ዳኞቹም ቆመው ልብሳቸውን ይቀድዳሉ፣ የተቀደደውም አይሰፋም። መጽሐፉ የተሰበሰበው ከእስጢፋኖስ ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለሆነ የዚያን ቀን ሸንጎ በዚህ ደንብ ይሠራ ነበር ብለው አያስተምሩ። ሊቀ ካህናቱ በማርቆስ 14፥63 ልብሱን ስለ መቅደዱ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ግን ይህን ማወቅዎ ይጠቅምዎታል።

አንድ ግስ እንዴት እንደተለወጠ ማሳየት

የትምህርቱ ልብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ሰሌዳውን ባዶ ያድርጉትና አራት ቃላትን ከላይ ወደ ታች ይጻፉ።

በመጀመሪያ «አፍርሱት» ብለው ይጻፉ። በዮሐንስ 2፥19 ጌታ ይህን ቤተ መቅደስ አፍርሱት፣ በሦስት ቀንም አነሣዋለሁ ብሏል፤ ወንጌላዊው ስለ ሰውነቱ እንደተናገረ ጨምሮ ያስረዳል። ከሥሩ «አፍርሼ ልሠራው እችላለሁ» ይበሉ፤ በማቴዎስ 26፥61 ሁለት ምስክሮች ቃሉን ያቀረቡት እንዲህ ነው። ቀጥሎ «አፈርሰዋለሁ» ይጻፉ፤ በማርቆስ 14፥58 የሐሰት ምስክሮች ሰማን ያሉት ይህን ነው፣ ምስክርነታቸውም እርስ በርሱ እንዳልተስማማ ማርቆስ ይናገራል። በመጨረሻ «ያፈርሰዋል» ይጻፉ፤ በሐዋርያት ሥራ 6፥14 እስጢፋኖስ ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ ተናገረ የተባለው ይህ ነው። አራቱም አንድ ግስ ናቸው። ሥሩ አልተለወጠም፣ ቤተ መቅደሱም በአራቱም ውስጥ አለ፤ የተለወጠው አፍራሹ ነው። «አፍርሱት» ሲባል የሚያፈርሱት ሰሚዎቹ ናቸው፣ ተናጋሪው የሚያነሣ ነው፤ «ያፈርሰዋል» ሲባል ግን ተናጋሪው ራሱ አፍራሽ ሆኖ ቀርቧል። ቋንቋችን በአንዲት ፊደል አድራጊውን የሚቀይር ቋንቋ ስለሆነ ይህን ለማስተማር ከእኛ የተሻለ ዕድል ያለው ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ባለፈው ክረምት እኛ እንዲህ አደረግን፦ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እየወረደ እርስ በርስ ለመሰማማት እንኳ ባስቸገረበት ምሽት፣ ዘጠኝ ወጣቶችን በአንድ ረድፍ አስቀምጬ ለመጀመሪያዋ ልጅ በጆሮዋ «ሰማይ እንኳ የማይችለውን አምላክ ቤት አይወስነውም» አልኳት። ደንቡ አንዱ በአማርኛ ከሰማ ለሚቀጥለው በአፋን ኦሮሞ እንዲያስተላልፍ፣ ያኛው ደግሞ በአማርኛ እንዲመልሰው ነበር፤ በከተማችን ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነውና። ዘጠነኛው ልጅ ተነሥቶ የሰማውን ሲናገር «እግዚአብሔር ቤት ውስጥ የለም» አለ። ማንም አልዋሸም። ማንም በክፋት አልጨመረም። ሳቁ ሲበርድ ያንን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ ጽፌ «ይህን ቃል ተናገረ ተብላችሁ ሸንጎ ፊት ብትቆሙስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን የሆነ አንድ ወጣት ግን እጁን አንሥቶ «መምህር፣ እነዚያ ሰዎች ዋሹ ነው ወይስ የሰሙት እንደዚያ መስሏቸው?» አለ።

ይህን ጥያቄ አይለፉት። የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ሉቃስ በ6፥11 ሰዎች ተነሣሥተው እንደመሰከሩ፣ በ6፥13ም ምስክሮቹ የሐሰት ምስክሮች እንደሆኑ በግልጽ ይናገራል፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በስሕተት ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን የሐሰት ምስክርነት ሁልጊዜ ከባዶ አይፈጠርም። የተነገረ ቃል አለ፤ ተጎትቶ፣ ተገልብጦ፣ አድራጊው ተለውጦ ይቀርባል። ከእስጢፋኖስ ጋር የተከራከሩት በ6፥9 የተዘረዘሩት የነፃ ወጪዎች ምኩራብ ሰዎች፣ የቀሬና፣ የእስክንድርያ፣ የኪልቅያና የእስያ ሰዎች መሆናቸውንም ያሳዩ። እነዚህ ከውጭ አገር መጥተው በኢየሩሳሌም የተቀመጡ አይሁድ ናቸው። በ1913 እና በ1914 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም በተደረገ ቁፋሮ የተገኘ በግሪክኛ የተቀረጸ ድንጋይ፣ ቴዎዶጦስ የተባለ ካህን ለሕግ ንባብ ምኩራብ እንደሠራና ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ማረፊያ እንዳዘጋጀ ይናገራል። ርቀው ኖረው ለመቅደሱ ሲሉ ወደ ኢየሩሳሌም የመጡ ሰዎች በመቅደሱ ላይ የተነገረ ቃል ቢያንገበግባቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

መከላከያውን በትዕግሥት ማንበብ

ሊቀ ካህናቱ ነገሩ እውነት ነውን ብሎ ሲጠይቅ እስጢፋኖስ «አይደለም» አላለም። ከ7፥2 እስከ 7፥53 ድረስ 52 ቁጥር የሚወስድ ንግግር ጀመረ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፤ የአብርሃምን ታሪክ ስለሚያውቁት ምን ያደርግላቸዋል? መፍትሔው በሁለት ቡድን መክፈል ነው። አንደኛው ቡድን ስለ ሙሴ የተነገረውን ይሰብስብ፤ ከቁጥር 20 እስከ 44 ያለው ለእርሱ የተሰጠ መሆኑን፣ ሙሴም በክብር መጠራቱን ሲያይ፣ ሙሴን ሰደበ ለተባለው ክስ የተሰጠው መልስ ይኸው መሆኑን ይረዳል። ሁለተኛው ቡድን ስለ መቅደሱ የተነገረውን ይሰብስብ፤ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እስጢፋኖስ ሰሎሞን ቤት እንደሠራለት ተናግሮ፣ ልዑል ግን የሰው እጅ በሠራው እንደማይኖር ከኢሳይያስ 66 ይጠቅሳል። ከዚህ ጋር 1ኛ ነገሥት 8፥27ን ያስነብቡ፤ መቅደሱን የሠራው ሰሎሞን ራሱ በምረቃው ቀን የጸለየው ጸሎት ይህንኑ የሚል ነው። ስለዚህ እስጢፋኖስ ከመጽሐፋቸው ውጭ አንድ ቃል አልጨመረም።

ሆኖም ንግግሩን ከሚገባው በላይ ለስላሳ አድርገው አያቅርቡት። በቁጥር 41 ሕዝቡ ጥጃ አቁሞ በእጁ ሥራ እንደተደሰተ ተናግሮ፣ በቁጥር 48 ስለ ቤተ መቅደስ ሲናገር የእጅ ሥራን እንደገና ያነሣል። ሰሚዎቹ ይህን መደራረብ አልሳቱትም። በቁጥር 51 ላይ ያለው ዘለፋም ቀጥተኛ ነው። ወጣቶች የእኛ ወገን የሆነውን ሰው ሁልጊዜ በለሆሳስ የሚናገር አድርገው ማሰብ ይወዳሉ፤ እንደዚያ አልነበረም።

ሸንጎው የፈነዳው ግን በ7፥56 ነው፤ ሰማይ ተከፍቶ የሰው ልጅም በእግዚአብሔር ቀኝ ቆሞ አያለሁ ባለ ጊዜ። ጆሮአቸውን ደፈኑ፤ ጽርፈት የሰማ ሰው እንደሚያደርገው። ከከተማ አወጡት፤ ዘሌዋውያን ከሰፈር ውጭ እንዳለው። ምስክሮቹ ልብሳቸውን በሳውል እግር አጠገብ አኖሩ፤ ዘዳግም መጀመሪያ ምስክሮቹ ይወርውሩ ስላለ። የሕጉ ቅርጽ ሁሉ አለ፤ ሉቃስ ያልጻፈው ግን ፍርዱ የተሰጠበትን ቃል ነው። በዮሐንስ 18፥31 መሪዎቹ ማንንም ለመግደል እንዳልተፈቀደላቸው መናገራቸውን ከዚህ ጋር ያነጻጽሩ። በ62 እ.ኤ.አ. የጌታ ወንድም የተባለው ያዕቆብ የተወገረበት ሁኔታ ተመሳሳይ ነበር፤ አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ እንደሚተርከው አገረ ገዢው ፊስጦስ ሞቶ አልቢኖስ ገና በመንገድ ሳለ፣ ሊቀ ካህናቱ የሐና ልጅ ሐና ሸንጎ ጠርቶ ያዕቆብንና ሌሎችን ሕግ አፍርሰዋል ብሎ አስወገራቸው። በዚህ የተቆጡት ደግሞ በከተማይቱ ለሕጉ ጠንቃቆች የነበሩ አይሁድ ናቸው፤ ሐናም በሦስት ወሩ ከሹመቱ ተሻረ።

ክሱ ከሌላ አቅጣጫ ሲመጣ

ለሁለተኛው ጉባኤ መጨረሻ የሮማውያንን ክስ በአጭሩ ይጨምሩ። በኤፌሶን፣ የከተማይቱ ሴት አምላክ በነበረችው በአርጤምስ ምክንያት ሁከት በተነሣ ጊዜ የከተማው ጸሐፊ እነዚህ ሰዎች አምላካችንን አልሰደቡም ብሎ ሕዝቡን እንዳረጋጋ በሐዋርያት ሥራ 19፥37 ተጽፏል። በኋላ ግን ክርስቲያኖች ለአማልክት አለመሠዋታቸው ራሱ አምላክ የለሽነት ተብሎ ተቈጠረ፤ ዮስጢኖስ ሰማዕት በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለዚህ ክስ መልስ ጽፏል። በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ የቢታንያና የጳንጦስ ገዢ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ሲጽፍ፣ ክርስቲያን አይደለሁም ያሉትን ሰዎች ክርስቶስን እንዲረግሙ በማድረግ ይፈትናቸው እንደነበር ገልጿል፤ እውነተኛ ክርስቲያን ይህን እንዲያደርግ ማስገደድ እንደማይቻል ሰምቶ ነበርና። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጧል፤ ተሳደብክ ተብሎ የሚከሰስ ሳይሆን ስደብ ተብሎ የሚገደድ ሰው ቆሟል። የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ስደበው በተባለ ጊዜ 86 ዓመት ሳገለግለው አንዳች አልበደለኝም፣ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ ብሎ መለሰ። ይህን መልስ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በጉባኤው ሊነሡ የሚችሉ ነገሮች

«አይሁድ ገደሉት» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ዝም ብለው አይለፉት፤ አይቈጡትም። ከሳሾቹም፣ ተከሳሹም፣ 8፥2 ላይ ሬሳውን የቀበሩትና ታላቅ ልቅሶ ያለቀሱለት ደጋግ ሰዎችም በዚያው ሕዝብ መካከል የነበሩ መሆናቸውን ያሳዩት። እስጢፋኖስ ንግግሩን የጀመረው ወንድሞችና አባቶች ብሎ ነው። ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውልም በ26፥11 ምእመናንን እንዲሳደቡ ያስገድድ እንደነበር ይናዘዛል፤ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥13 ደግሞ ራሱን «ተሳዳቢ» ብሎ ይጠራል። እስጢፋኖስ ላይ የተጫነውን ስም ጳውሎስ አንሥቶ በራሱ ላይ አኖረው። እኔ ይህን ጥቅስ በቦታው ሳልጠቅስ ባለፍኩበት ዓመት ውይይቱ ወደ ጥላቻ ሄዶብኝ ለመመለስ ተቸግሬ ነበር።

ስለ ጎረቤት እምነት የሚነሣ ጥያቄም ይመጣል፤ በተለይ በፌስቡክና በቲክቶክ ስለሚዘዋወር ተቈርጦ ስለተለጠፈ ቪዲዮ። የእገሌን ቪዲዮ በጉባኤው ውስጥ አይክፈቱ። በዚያ ፈንታ ወደ ሰሌዳው ይመልሷቸውና ሦስት ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ቃሉን ሲናገር በጆሮው የሰማው ማን ነው? ከቃሉ በፊትና በኋላ ምን አለ? በመካከል የተለወጠ ግስ አለ? ወጣቶቹ የሰው እምነት ቢነካም ባይነካም፣ ሳያጣሩ ማስተላለፍ ምስክር መሆን እንደሆነ በዚህ ይገባቸዋል።

ከመለያየትዎ በፊት ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ይስጡ፤ የሐዋርያት ሥራ 21፥27-29ን ቤታቸው ያንብቡ። ከእስጢፋኖስ ክስ ጋር ተመሳሳይ ክስ በዚህ ክፍል በጳውሎስ ላይ ይቀርባል፤ ሰውን ሁሉ በሕዝቡ፣ በሕጉና በዚህ ስፍራ ላይ ያስተምራል፣ አሕዛብንም ወደ መቅደስ አግብቶ አርክሶታል የሚል። የክሱን ክብደት እንዲያውቁ፣ እንግዳ ሰው ወደ ውስጠኛው አደባባይ ቢገባ ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ በግሪክኛ የተጻፈ ድንጋይ በ1871 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም እንደተገኘና ዛሬ በኢስታንቡል ሙዚየም እንደሚገኝ ይንገሯቸው። ከዚያም ክሱ ከየት እንደመጣ የሚገልጸውን አንድ ቃል ፈልገው በወረቀት ጽፈው እንዲመጡ ይዘዟቸው። ቃሉ ያለው በቁጥር 29 ነው፤ ጥሮፊሞስን ከጳውሎስ ጋር በከተማው አይተውት ስለነበር ወደ መቅደስ ያገባው «መስሏቸው» ነበር ይላል። እርስዎ ግን አስቀድመው አይንገሯቸው።